የተደፈኑ ዛጎሎች

በባሕር ዳርቻ የሚኖር አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ሕይወት ያለው ነገር ከባሕር አያወጣም ነበር፤ የሚለቅመው ባዶውን ብቻ ነው።

ሼህ አራጋው ተረታቸውን እንዲህ ብለው ጀመሩ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ይመር ቅር አለው። ቁም ነገር ጠይቆ ተረት ሲጀመርለት የተሾፈበት መሰለው።

ይመር በባቲ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሰው ነው። በግቢው ውስጥ፣ ከሚኖርበት ቤት ሌላ፣ ሦስት ክፍሎች ሠርቷል። ወለላቸው የሚያንጸባርቅ ነው። መጋረጃ ተሰቅሎላቸዋል፤ ሶፋ ገብቶላቸዋል። የሶፋው ፕላስቲክ ግን እስከ ዛሬ አልተገፈፈም። ለእንግዳ ናቸው ይላል። እንግዳ ከመጣ ሁለት ዓመት አልፏል።

እህቱ ዘምዘም ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከሦስት ልጆቿ ጋር በሰው ግቢ፣ ከማድ ቤት ጎን በተለጠፈች የቆርቆሮ መጠለያ ትኖር ነበር። ባለቤቱ ክረምት ሳይገባ ልቀቂልኝ አላት። ዘምዘም ወንድሟን አንድ ክፍል ለመነችው። እምቢ አላት። እንግዲያውስ እንደ ሌሎቹ በጅቡቲ በኩል አድርጌ ዐረብ አገር እሄዳለሁ አለችው። በዚያ መንገድ ሄዶ ያልተመለሰውን ሰው ባቲ ውስጥ የማያውቅ የለም። ይመርም ያውቃል።

ሰው ማማት ጀመረ። ሱቁ የሚመጡት ደንበኞች ሚስማር እየመረጡ «እህትህ እንዴት ናት?» ይሉታል፤ አጠያየቃቸው አላማረውም። ስለዚህ አርብ ከስግደት በኋላ ወደ ሼህ አራጋው ቤት ሄደ። ሼሁ አልበደልህም ካሉት የሰው አፍ ይዘጋል ብሎ ነበር።

በሼሁ በር ላይ ሦስት ጥንድ ትንንሽ የፕላስቲክ ጫማ ተደርድሮ ነበር። ይመር ለራሱ ጫማ ቦታ እንዲገኝ በእግሩ ወደ ጎን ገፋቸውና ገባ።

«ሼህ አራጋው፣ አገር እያማኝ ነው» አለ እንደ ተቀመጠ። «ክፍሎቹን የሠራኋቸው በገዛ ላቤ ነው። ከአባቴ እንኳ አልወረስኳቸውም። ከማንም አልነጠቅሁም። ሰው አስወጥቼ አልገባሁባቸውም። የራሴን ባዶ ክፍል ብቆልፍ ምን በደል አለብኝ?»

«ዘምዘም ክፍሎቹን አይታቸዋለች?» አሉ ሼሁ።

«አይታቸዋለች እንጂ! ራሴ ነኝ ከፍቼ ያሳየኋት። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ከጥግ እስከ ጥግ ዞረች። ‹ማሻአላህ ይመርዬ፣ እንዴት ሰፊ ነው› አለች። እኔማ ትቀናለች ብዬ ነበር። አድንቃልኝ ሄደች።»

«የዐረብ አገሩስ ነገር?»

«ኧረ ይተዉኝ ሼህ አራጋው፣ ማስፈራሪያ ናት! ዘምዘም እንኳን ባሕር ልትሻገር፣ ወንዝ ስትሻገር ቀሚሷን ይዛ የምትጮህ ሴት ናት።»

ሼህ አራጋው አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ነው ያን ሀብታም ሰው ያነሡት። ሼሁ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክመዋል፤ የባሕር ነገር ያውቃሉ። ይመር ግን ባሕር አይቶ አያውቅም።

«እሺ» አለ ይመር፤ «ሀብታሙ ምን ሆነ?»

ሼህ አራጋው ቀጠሉ።

ሀብታሙ በሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አሠራ። አኳሪየም ይሉታል። ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል፤ ርዝመቱ እንደ አልጋ ነው። በባሕር ውኃ ሞላው፤ ከሥሩ አሸዋ አነጠፈ። ባሕሩን ቤቴ አስገባሁት እያለ ይኩራራ ነበር። ቢሆንም እንደ ሌሎቹ ሰብሳቢዎች አይደለም። ሌሎቹ ድንጋይ ገልብጠው ያገኙትን ሁሉ በባልዲ ያፍሳሉ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ በማግሥቱ ይሞትባቸዋል፤ የሞተውን በመስኮት ይደፋሉ። እሱ ይህን ይጸየፋል።

«ዓሣ የለውም ገንዳው?» አለ ይመር።

«አለው። አንድ መርከበኛ ሸጠለት።»

«እንግዲህ እሱ አላጠመዳቸውም።»

«እሱ አላጠመዳቸውም» አሉ ሼሁ። «እሱም እንዲህ ነበር የሚለው።»

ሀብታሙ በየማለዳው፣ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። ዛጎል ሲያገኝ ቶሎ ከረጢቱ ውስጥ አይጨምርም። አንሥቶ ያንቀጠቅጠዋል። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸተዋል። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። አንድ እግር ብቅ ካለ መልሶ ውኃው ውስጥ ያኖረዋል፤ «ሂድ፣ ቤትህ ነው» ይለዋል። ባዶ ከሆነ ይወስደዋል። ሰዎች ይህን አይተው ርኅሩኅ ነው አሉ። እሱም ሰምቶ አመነ።

በዚያ ዳርቻ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጠግን ነበር። ሀብታሙ ሲያልፍ ይጠራዋል።

«ጌታው፣ ዛሬም ለቀማ?»

«ዛሬም ነው። አታስብ፣ ባዶውን ብቻ ነው።»

«ባዶ መሆኑን በምን አወቁ?»

«አንቀጥቅጬ አየዋለሁ። ውስጡ ማንም የለም።»

«ማን እየጠበቀው እንደሆነስ አንቀጥቅጠው ያውቃሉ?»

ሀብታሙ ሳቀ። «ባዶ ዛጎልም ወራሽ አለው ልትለኝ ነው?»

«አለው እንጂ» አለ ዓሣ አጥማጁ። «እዚህ አንድ ሸርጣን አለ። ከወገቡ በላይ ጋሻ ለብሷል፤ ከወገቡ በታች ራቁቱን ነው። ፈጣሪ ቤት አልሰጠውም። ቀንድ አውጣ ሞቶ የተወውን ዛጎል ይገባበታል፣ ተሸክሞት ይሄዳል። እኛ ተከራዩ ነው የምንለው። ሲያድግ ቤቱ ይጠበዋል፤ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። ትልቅ ዛጎል ማዕበል ሲተፋ ተከራዮቹ በቁመታቸው ይሰለፋሉ። ትልቁ ወደ አዲሱ ሲገባ ሁለተኛው የእሱን ይይዛል፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን። አንድ ባዶ ቤት ለስምንት ነፍስ ይደርሳል። ነገ በማለዳ ይምጡና ላሳይዎ።»

«ተሰልፈው? እንደ ስኳር ወረፋ?»

«ከእኛ ወረፋ ይሻላል። አይጋፉም።»

ሀብታሙ ወሬውን ወደደው፤ ማታ ለእንግዶቹ አውርቶ አሳቃቸው። በማግሥቱ ግን ሊያይ አልሄደም። ከዚያም ረሳው። ለቀማውን ብቻ አልረሳም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለቀመ። ዳርቻው እንደ ተጠረገ ደጅ ሆነ።

ዛጎሎቹ በገንዳው ውስጥ እየበዙ ሲሄዱ ግን አስቸገሩት። ውኃው ሲናወጥ እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ። ሆዳቸው ውስጥ የምግብ ፍርፋሪ ገብቶ ይበሰብሳል፤ ውኃው ይሸታል። ሀብታሙ ንጽሕና ይወዳል። አንድ ግንበኛ አስጠራ። ግንበኛው ዛጎሎቹን በገንዳው የኋላ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶ ደረደራቸው። ትልልቆቹን ከታች፣ ትንንሾቹን ከላይ አደረገ። ሥራው አምሮ ነበር።

«ጌታዬ» አለ ግንበኛው፤ «አፋቸውስ? ክፍት ልተወው?»

«ቆሻሻ ይገባበታል።»

«ቢገባ ምን አለበት፣ ባዶ ነው።»

«ድፈነው» አለ ሀብታሙ።

ግንበኛው የእያንዳንዱን ዛጎል አፍ በሲሚንቶ ደፈነ፤ በእርጥብ ጨርቅም አለሰለሰው። በቤቱ ውስጥ ወደ ሦስት መቶ ዛጎል ነበር። አንድም የተከፈተ አልቀረም።

እዚህ ላይ ይመር በወንበሩ ላይ ተላወሰ። «የራሱ ገንዳ ነው» አለ።

«የራሱ ነው» አሉ ሼህ አራጋው።

«ታዲያ ሼህ አራጋው፣ ለሸርጣን ብሎ ሰው ቤቱን አያስጊጥ?»

«ያስጊጥ። እኔ ምን አልሁ? ዝም ብለህ ስማ፤ ገና ሸርጣኑ አልገባም።»

ከዕለታት አንድ ቀን ሀብታሙ ለገንዳው አዲስ አሸዋ በባልዲ አመጣ። በአሸዋው ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ዛጎል ነበረች። እንደ ልማዱ አንቀጥቅጦ አይቷት ነበር፤ ባዶ ናት ብሎ ነበር። ውስጥ ያለው ሸርጣን ግን ፈርቶ ተጨምቆ ስለነበር አልተሰማም። በማግሥቱ ማለዳ ሀብታሙ ወደ ገንዳው ሲመለከት ዛጎሏ እየሄደች ነው።

መጀመሪያ ሊመልሰው አሰበ። ደንቡ ይህ ነበርና። በኋላ ግን ዝቅ ብሎ ተመለከተው። ሸርጣኑም ሁለት ዐይኖቹን በቀጫጭን ዘንጎች ላይ አንሥቶ ተመለከተው። ሀብታሙ ልጅ አልነበረውም። ዓሦቹ ስሙን አያውቁም፣ ሲጠራቸው አይመጡም። ይህ ግን መስታወቱን በጥፍር ሲመቱለት ይመጣል። «እኔ አላወጣሁትም፤ በራሱ ነው የመጣው» አለና አስቀረው።

ወደደው። ይህን መካድ አይገባም፤ ከልቡ ወደደው። በእጁ ያበላው ነበር። የደረቀ ዓሣ በጣቱ አድቅቆ ይጥልለታል፤ ሸርጣኑ በትንሿ እጁ እየቆነጠረ ይበላል። ሀብታሙ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ «እንዴት አደርህ?» ይለዋል፣ ሲመለስ «እንዴት ዋልህ?» ይለዋል። ምግቡም አልጎደለ፣ ውኃውም አልቆሸሸ። ሸርጣኑ በላ፣ ወፈረ፣ አደገ።

ዛጎሏ ግን አላደገችም።

አንድ ሳምንት ሸርጣኑ እህል ተወ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደ። በመጀመሪያው ዛጎል ፊት ቆመ። ጥፍሩን ወደ ዛጎሉ አፍ ሰደደ፤ ሲሚንቶ ነው። ዳበሰው። ጫፉን ከወዲህ እስከ ወዲያ በእግሮቹ ለካው። ወደ ሁለተኛው ሄደ። እሱንም ዳበሰው፣ ለካው። ወደ ሦስተኛው ሄደ። በአንድ ቀን የታችኛውን ረድፍ ጨረሰ። በማግሥቱ እየተንጠላጠለ ወደ ላይኛው ወጣ፤ ወደቀ፤ ደግሞ ወጣ።

ሀብታሙ አይቶ በጣም ደስ አለው። እንግዶች ጠራ። በገንዳው ዙሪያ ወንበር አስቀመጠላቸው።

«እዩት» አላቸው። «እንግዳ ሁሉ ግድግዳዬን አንዴ አይቶ ያልፋል። ይህ ግን አንድ በአንድ እየዳበሰ ያደንቀዋል። ከሰው ይልቅ ሸርጣን ውበት ያውቃል!»

እንግዶቹ ሳቁ። አንዱ «አሁን ዋጋ ሊጠይቅህ ነው» አለው። ሌላው «የላይኛውን ሳያይ አይተኛም፤ ባለሙያ ነው» አለ። ሸርጣኑ ከዛጎል ወደ ዛጎል ይሄዳል፤ እነሱ ይስቃሉ።

ሼህ አራጋው እዚህ ሲደርሱ ይመር አንገቱን ደፋ። ጉንጩን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ከጓዳ በኩል የሕፃን ሳል ተሰማ፤ ወዲያው ጸጥ አለ። ሼሁ ወደዚያ ዘወር ብለው ተመለከቱና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ዓሣ ሊሸጥ ወደ ሀብታሙ ቤት መጣ። ሀብታሙ እጁን ይዞ ወደ ሳሎን አስገባውና «አንተ ስለ እነዚህ ታውቃለህ፤ ና፣ የእኔን ተመልከት» አለው።

ሸርጣኑ በአሸዋው ላይ ነበር። ከጠበበችው ዛጎል ወጥቷል። ከወገቡ በታች ያለው ሥጋው ነጭ፣ ለስላሳ፣ የተጠመዘዘ ነው፤ ያልጠነከረ የሕፃን ገላ ይመስላል። ከኋላው የተዋት ዛጎል ተገልብጣለች። ዓሦቹ በሩቅ እየዞሩ ያዩታል።

ዓሣ አጥማጁ ቅርጫቱን መሬት ላይ ጣለ። «ጌታው፣ ቶሎ ይበሉ! ባዶ ዛጎል ይስጡት!»

«ሦስት መቶ አለው እኮ» አለ ሀብታሙ፤ ወደ ግድግዳው አመለከተ።

«የተከፈተውን ነው የምልዎ! እነዚህ ሁሉ ተደፍነዋል። ቤት እየፈለገ ነው፤ አላወቁም?»

«እያደነቀ መስሎኝ...»

«እየለካ ነው!»

ሀብታሙ መዶሻ አነሣ። እጅጌውን እንኳ ሳይሰበስብ እጁን ወደ ገንዳው ከትቶ ግድግዳውን መታ። የመጀመሪያው ዛጎል ተሰበረ፤ ሲሚንቶው ከዛጎሉ ጋር አንድ ሆኗልና። ሁለተኛውን በቀስታ መታ፤ ለሁለት ተከፈለ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን መታ። ስብርባሪው በአሸዋው ላይ ወደቀ። አንድም ደህና የወጣ የለም። ግንበኛው ሥራውን አሳምሮ ነበር።

መዶሻውን ጥሎ ወደ ባሕሩ ሮጠ። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር፤ ዳርቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። ሀብታሙ አጎንብሶ እየሮጠ ፈለገ። ሁለት ዓመት በየማለዳው የለቀመው ዳርቻ ነው። ምን ይተርፈዋል? ከአንድ ድንጋይ ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየና ጎንበስ አለ። ተከራይ ሸርጣን ነበር። በጀርባው ላይ የተሸከመው የጠርሙስ ክዳን ነው። ከእሱ ወዲያ ሌላ ነበረ፤ እሱ የተሰበረ የብርጭቆ አንገት ለብሷል። ሌላው ምንም አልለበሰም፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ጀርባውን ደብቆ አይንቀሳቀስም። ሀብታሙ ሲያነሣው ቀላል ነበር። ሞቶ ከርሟል።

ሀብታሙ ከቆሻሻ መጣያ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን አንሥቶ ተመለሰ።

ሸርጣኑ ወደ ገንዳው ጥግ ሄዶ ነበር። ራቁት ጀርባውን በመስታወቱና በግድግዳው መካከል ባለችው ቀጭን ቦታ ወትፎ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ትንሿን እጁን አንሥቷል። ዓሦቹ ግን ከጎን ደርሰውበታል። ሀብታሙ በየቀኑ በእጁ የሚያበላቸው ዓሦች ናቸው። እጁን ሲከት እንደ ልማዳቸው ምግብ የመጣላቸው መስሏቸው ወደ ጣቱ ተሰበሰቡ።

ክዳኑን ከሸርጣኑ አጠገብ አኖረለት። ሸርጣኑ አልተንቀሳቀሰም።

ሀብታሙ እጁን ከውኃው አወጣ። ከዚያ ወደ ዓሣ አጥማጁ ዞረ። «እኔ አልገደልሁትም» አለ። «አብልቼዋለሁ፤ ውኃውን ቀይሬለታለሁ። ዛጎሎቹንም ከማንም አልነጠቅሁም። ባዶ ነበሩ። አንተም ታውቃለህ፤ ባዶውን ብቻ ነበር የምለቅመው።»

ዓሣ አጥማጁ ቅርጫቱን አነሣ።

«አዎ» አለው። «ባዶውን ብቻ ነበር።»

ዓሣውን ሳይሸጥለት ሄደ።

ሼህ አራጋው ወሬያቸውን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከውጭ፣ በጅቡቲው መንገድ፣ ወደ ሚሌ የሚወርድ የጭነት መኪና ድምፅ ተሰማ፤ እያጓራ ራቀ። ሼሁ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ይመር ዞሩ።

«ጥያቄህን ልመልስልህ። ከማንም አልነጠቅህም። ይህን ነገ በአላህ ፊትም ብጠየቅ እመሰክርልሃለሁ። ክፍሎቹ ያንተ ናቸው፣ ባዶም ናቸው። ሀብታሙ የመጀመሪያዋን ዛጎል ሲያነሣም እንዲሁ ባዶ ነበረች፤ ባዶ መሆኗን አንቀጥቅጦ አይቷል። ሰልፉን ግን አላየም። ሽማግሌው ላሳይህ ቢለው ጊዜ አጣ። አንተም ባዶ ብለህ የቆለፍኸው ክፍል ደጅ ላይ ሰልፍ ነበረ ይመር። የሰልፉ መጀመሪያ ደግሞ የእናትህ ልጅ ነበረች።»

«ሼህ አራጋው፣ እኔ እኮ...»

«ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች አደነቀችልኝ አልኸኝ።»

«አዎ» አለ ይመር።

«አላደነቀችም» አሉ ሼሁ። «ትለካ ነበር። ‹ከበሩ እስከ መስኮቱ አምስት ክንድ ነው› አለችኝ። ‹ልጆቹ በአንድ ምንጣፍ ይተኛሉ፣ እኔ በእግራቸው በኩል እጋደማለሁ፤ ሶፋውን ማንሣት እንኳ አያስፈልግም፣ አንነካበትም› አለችኝ። አንተ ‹እሺ› ትላለህ ብላ ሁሉንም በልቧ አኑራው ነበር።»

«መቼ ነው የነገረችዎ?»

«ከትናንት ወዲያ ጠዋት። እዚሁ፣ አንተ የተቀመጥህበት ላይ ተቀምጣ።»

«አሁንስ የት ናት?»

ሼህ አራጋው ወደ በሩ አመለከቱ። «ስትገባ በእግርህ የገፋሃቸው ጫማዎች የማን ናቸው?» አሉት።

ይመር ወደ በሩ ዞረ። ሦስቱ ጥንድ ጫማዎች እሱ በገፋቸው ጊዜ እንደ ተበታተኑ ነበሩ። ትንሿ ተገልብጣለች። ማሰሪያዋ ተበጥሶ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። ሽቦውን ያውቀዋል። ባለፈው ወር ዘምዘም ወደ ሱቁ መጥታ የልጇን ጫማ ስታሳየው፣ ከጥቅልሉ ላይ አንድ ስንዝር ቆርጦ የሰጣት እሱ ነው። ያን ቀን መርቃው ነበር።

«አንዲት ክፍል ናት ያለችኝ፤ ሰባት ነፍስ ያድርባታል» አሉ ሼሁ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከልጆቹ ጋር እዚሁ ተጣበቢ አልኋት። ‹እርስዎንም ላስወጣዎ?› አለችኝ። ልጆቹን ብቻ እዚህ ትታ ሄደች። ልጄን ከኋላዋ ላክሁት፤ ሚሌ ድረስ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። ስልኳን የሚያሻግራት ደላላ ይዞታል ይላሉ። ገና ስትገባ ይህን ብነግርህ ‹ማስፈራሪያ ናት› ትለኝ ነበር። ብለኸኛልም።»

ይመር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሦስቱን ቁልፎች አወጣ። ቁልፎቹ እርስ በርሳቸው ተንኳኩ። «ዛሬውኑ» አለ፤ «ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ። ሦስቱንም። ሶፋውንም አወጣለሁ። ልጆቹን ልውሰዳቸው።»

«ክፈተው» አሉ ሼህ አራጋው። «ልጆቹ ጣሪያ ይሻሉ፤ ዝናቡ ደርሷል። ክፈተውና ውሰዳቸው።»

ይመር ተነሣ። ወደ በሩ ሄዶ ጎንበስ አለና ትንሿን ጫማ አቀናት። ሼሁ ከኋላው ጠሩት።

«ይመር።»

«አቤት።»

«ያ ሀብታምም በመጨረሻ መዶሻ አንሥቶ ነበር።»